ለሞተው ቅሬ አለን፤ ለተመለሰውስ?

(ደሴ ከተማ ውስጥ የአንድ ሰፈር ቅሬዎች፣ ማለትም እድሮች፣ በጋራ በጠሩት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ድምፅ ሲገለበጥ አነጋገሩ እንዳለ እንዲቆይ ተሞክሯል።)

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ዋላችሁ።

ሼሆቻችን፣ ቀሳውስት አባቶቻችን፣ የቅሬ ዳኞች፣ ዱበርቲዎቻችን፣ እናቶቼ፣ ወጣቶች፣ ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙም ጭምር፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ወንበር ላልደረሳችሁ ይቅርታ። ማይኩ ይሰማል? ከኋላስ? አብሽሩ፣ ባይሰማም እጮሃለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ቆሜ የበሽተኛ ስም ስጠራ የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ በጉሮሮዬ አልታማም።

"ስለ ጦር ተመላሾች ንገረን" ተባልኩ። እኔም "የየትኛው ጦር ተመላሽ?" ብዬ ጠየቅኩ። የጠሩኝ ዳኛ ሳቁ። እናንተም ሳቃችሁ። እስኪ ግራና ቀኛችሁን እዩ። እዚህ ውስጥ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ የከረመ አለ። ደርግን ሊወጋ የኢህዴን ታጋይ ሆኖ ከዋግ በረሃ የመጣ አለ። ባድመ የዘመተ አለ። በ2014 ሰፈሩን ሲጠብቅ የቆሰለ አለ። እርስ በርስ የተታኮሱም አሉ፤ ዛሬ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም፣ አትዙሩ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው፣ ለተመላሽ የምንሰጠው ክብር የሚለካው በማን ሚዛን እንደሆነ። ሁለተኛው፣ ተመላሹ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን፤ ይሄ ሙያዬ ስለሆነ ብቆይበት ታገሱኝ። ሦስተኛው፣ ከቅሬ የምጠይቀው ጉዳይ ነው። ዛሬ በየቦታው ስላለው ነገር ልናገር አልመጣሁም። የምታውቁትን ታውቃላችሁ፣ እኔም የማውቀውን አውቃለሁ።

አንደኛው።

ወሎ ልጁን ወደ ጦርነት ሲሸኝ የመጀመሪያው አይደለም። በ1888 ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘመቱ። ድል ሆነ፣ ተፎከረ፣ ተሸለለ። በጥቅምት 1909 ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ያው የወሎ ፈረሰኛ አመፀኛ ተባለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሃያ አንድ ዓመት አይሞላም። አድዋ በወጣትነቱ የዋለ ሰው ሰገሌም በጎልማሳነቱ ቢውል ምን ይገርማል? ሰውየው ያው ነው። ስሙን ማን ለወጠው? ያሸነፈው።

የቃኘውን ነገር ደግሞ እዩ። ከ1943 ጀምሮ ከክብር ዘበኛ ተመርጠው ኮሪያ የዘመቱት ናቸው። ከ120 በላይ ሞቱባቸው፣ ከ500 በላይ ቆሰሉባቸው፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ተመለሱ። ጀግና ተባሉ፤ ይገባቸዋል። በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈበት፤ ክብር ዘበኛ መሆን ራሱ ማስጠርጠር ጀመረ። ቀጥሎ ደርግ መጣ፤ ደርግ ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ። አሁን "ኮሪያ ዘምቻለሁ" ማለት "የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ ነበርኩ" ማለት ሆኖ አረፈው። ሜዳሊያው ከደረት ወርዶ ሳጥን ውስጥ ገባ። አንድ ዘመቻ ነው። ስንት ጊዜ ተፈረደበት?

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በ1969 ሶማሊያ ስትወርር ከየገበሬ ማህበሩ ተጠርቶ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ፣ ምሥራቅ የዘመተው ሚሊሻ ስንቱ የወሎ ልጅ ነበር! የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ተያዘ። ዛሬ ያን ቀን እናስበዋለን፣ ቴሌቪዥኑም ያስበዋል። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ግን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት አብሮ ወደቀ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ "የቀድሞ" ሆነ። ካራማራ የነበረውም "የቀድሞ"፣ ትናንት ከገበያ ታፍሶ የተወሰደው ልጅም "የቀድሞ"። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ "ደርግ" የሚለው የመንግሥት ስም መሆኑ ቀርቶ የሰው ስድብ ሆነ።

የ1983ን ክረምት የምታስታውሱ እስኪ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ! ከኤርትራ በእግሩ የመጣው ወታደር በዚህ ከተማ ሲያልፍ ያየ ሰው አይረሳውም። እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ቦት ጫማውን በዳቦ የለወጠ። እኛስ ምን አደረግን? ሁለቱንም አደረግን። በር ላይ እንስራ አውጥተው ውሃ ያጠጡ፣ ንፍሮ ቀቅለው በእፍኝ ያደሉ እናቶች ነበሩ፤ እዚህም ተቀምጠዋል፣ አላህ ይስጣቸው። የወታደሩን ብርድ ልብስ በአንድ ዳቦ የገዛም ነበር። እሱም እዚህ ይኖር ይሆናል፤ ወደዚያ አላይም።

ከነዚያ ወታደሮች አንዱ አጎቴ ነበር፣ የእናቴ ወንድም። የአምባሰል ሰው ነው። ገበያ ላይ በአፈሳ ተይዞ ሄደ። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ሠራዊቱ ተሸንፎ የሆነው ከሆነ በኋላ ደብዳቤው ቀረ። አያቴ ጠበቀች፣ ጠበቀች። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ "ሞቷል፣ የቀበረውን ሰው አውቃለሁ" አለ። ለቅሶ ተቀመጡ። ቅሬው ድንኳን ጣለ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ንፍሮ ቀቀለ። ተዝካሩ ወጣ። ሚስቱ ጊዜ ጠብቃ ሌላ አገባች፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። መሬቱን የገበሬ ማህበሩ ለሌላ ሰጠው።

ሐምሌ 1983 ሲመሽ በር አንኳኳ። አያቴ እልል አለች? አላለችም። ከውስጥ ሆና "ስምህን ተናገር፣ የአባትህንም፣ የክርስትና ስምህንም" አለችው። ሦስቱንም ሲነግራት ነው መቀርቀሪያውን ያነሳችው።

አሁን የቅሬውን ጉድ ስሙ። አጎቴ በማግስቱ "ወደ ቅሬዬ መልሱኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ክርክሩ ምን መሰላችሁ? "ለዚህ ሰው ቅሬ ወጥቶለታል። መዝገቡ ላይ 'ሟች' ተብሎ ተዘግቷል። ነገ ሲሞት ድጋሚ ልናወጣ ነው ወይ?" አንዱ እንዲያውም "የተበላው ተዝካር በብር ተተምኖ ይመለስ" አለ። አጃኢብ ነው! በቁም ያለ ሰው የራሱን ተዝካር ዕዳ ሊከፍል! አጎቴ ተነሥቶ "የበላችሁትን አላስመልስም፣ ይበጃችሁ። እኔም ሁለት ጊዜ አልሞትም፣ አንዴ ነው የምሞተው፣ ያቺን አንዷን ብቻ ቅበሩኝ" አላቸው። ሳቁ፤ በዚያው በሳቅ ተመለሰ። ሳቅ ባይመጣ ኖሮ ውጭ ይቀር ነበር።

መሬቱ ግን አልተመለሰም። የገዛ መሬቱን ከሌላ ሰው ተቀብሎ እኩል አራሽ ሆነ። ልጆች ከኋላው እየተከተሉ "ደርግ! ደርግ!" ይሉታል። እነዚያ ልጆች ደርግን የት ያውቁታል? ከማጀት የሰሙት ነው። ልጅ ስድብ ከራሱ አይፈጥርም።

እንግዲህ አንደኛው ነጥቤ ይሄ ነው። መንግሥት ለወታደር ክብር ሲሰጥ በራሱ ዕድሜ ልክ ነው የሚሰጠው። ሰፈር ግን መንግሥት አይደለም። ቅሬ ጃንሆይ ሲወርዱም ነበረ፣ ደርግ ሲወድቅም ነበረ፣ ከዚያም በኋላ አለ። ቅሬ ሰው ሲሞት "የማን ወገን ነበር?" ብሎ ጠይቆ ያውቃል? አያውቅም። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ድንኳን ይጥላል፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል፤ ወሎ ነን። ለሞተው ያልጠየቅነውን በሕይወት ለተመለሰው ለምን እንጠይቃለን? "የማን ወታደር ነበርክ?" የሚለው ጥያቄ "እራት በላህ ወይ?" ከሚለው ለምን ይቀድማል?

ሁለተኛው።

አጎቴ ከተመለሰ በኋላ ዘመድ ሠርግ ተጠራ። አገር ቤት ሠርግ ያለ ተኩስ አይሞቅም፣ ታውቁታላችሁ። ሙሽራው ሲገባ ክላሹ ተንጣጣ። አጎቴ ዳሱ ውስጥ ካለው መደብ ሥር ነበር የተገኘው። በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችን በክንዱ ከሥሩ አስገብቶ። ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ፤ "ወታደሩ ፈራ!" እየተባለ እስከ መልሱ ድረስ ተወራ። ልጆቹን መጀመሪያ ከሥሩ እንዳስገባቸው ያስተዋለ አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሠርግ ቤት ረግጦ አያውቅም።

ይሄ ፍርሃት ነው? አይደለም። ይሄ ሕመም ነው፤ ሕክምናም ያለው ሕመም ነው። ምልክቱን ልንገራችሁ፣ በየቤታችሁ መዝኑት። ሌሊት ይቃዣል፣ ይጮሃል፣ ላብ በላብ ሆኖ ይነሣል። ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጠዋል፤ በር ሲጋጭ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ርችት ሲተኮስ። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ያፍራል። ሰው ወዳለበት መሄድ ይተዋል። የሚወደው ነገር ሁሉ ይደበዝዝበታል። ይሄ ከወር በላይ ከቆየ "ጸባዩ ተበላሸ" አትበሉ፣ "ሰይጣን ሰፍሮበት ነው" ብላችሁም አትጨርሱት፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ፈረንጆቹም ይሄን በቀላሉ አልተረዱትም። የአሜሪካ ወታደር ቬትናም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አገልግሎ ለብቻው በአውሮፕላን ይመለስ ነበር። ዛሬ ውጊያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ እናቱ ሳሎን። ከጓዶቹ ጋር አውርቶ የሚያራግፍበት ጊዜ እንኳ አልነበረውም። አገሩ ደግሞ ጦርነቱን ጠልቶት ስለነበር ጥላቻው ወታደሩ ላይ አረፈ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማህበር ይሄን ሕመም በበሽታ መለያ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ አልቆ፣ ተመላሾቹና የተረዷቸው ሐኪሞች ከወተወቱ በኋላ። እስከዚያ ስንቱ "ደካማ" እየተባለ ኖረ!

የእኛ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ለምን? ቬትናም ሩቅ ነው። የኛ የ2014 ጦርነት ግን ወታደሩ ከጦርነት ወደ ቤት የመጣበት አይደለም፣ ጦርነቱ ራሱ ቤት የመጣበት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት ተያዙ፣ እስከ ኅዳር 27 ቆዩ፤ ወልድያና ቆቦማ ከዚያ በፊት ከክረምቱ ጀምሮ። ሚሊሻው የተዋጋው አባቱ ያረሰበት ማሳ ላይ ነው። ዛሬ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሌላው አገር ያለ ወታደር ጦር ሜዳውን ትቶ ይመጣል፤ ይሄ የት ይሂድ? ደግሞስ እኛ የተቀበልነው ሰዎች ጤነኞች ነን ወይ? እኛስ በደንብ እንተኛለን? አንዱ ሌላውን ሊያስታምም የተቀመጠው ሁለቱም በሽተኛ ሆነው ነው።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። በዚያ ጦርነት ክንዱን የተመታ፣ ከገጠር ለሕክምና መጥቶ እዚሁ ደሴ የቀረ። ቤት ሊከራይ ሲዞር አከራይዋ ተስማማች፣ ቀብድ ተቀበለች። ከዚያ "ሥራህ ምንድነው?" ብላ ጠየቀች። "ዘምቼ ነበር፣ አሁን እየታከምኩ ነው" አላት። ቀብዱን ሰኞ መለሰችለት። "ጥሩ ልጅ ነህ፣ ግን ሌሊት ትጮሃለህ ሲሉ ሰማሁ፣ ልጆች አሉኝ" አለችው። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ያን ክረምት ለሠራዊቱ ድርቆሽ እንጀራ ያዘጋጀች፣ በሶ የበጠበጠች ሴት ናት። ለሚሄደው ስንቅ ሰጠች፣ ለመጣው ቤት ከለከለች። ይሄ የእሷ ብቻ ነው ወይ? ሁላችንም ሽኝት ላይ እንበረታለን። ከበሮው፣ ሽለላው፣ በግ እርዱ ያኔ ነው። የመጣ ዕለትም እልል እንላለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ፎቶ እናነሣለን። በአርባኛው ቀንስ ማን ይጠይቀዋል?

አንድ ነገር ደግሞ አትጠይቁት። ወጣቶች፣ ለእናንተ ነው። "ስንት ገደልክ?" አትበሉት። ጫት ቤት ሲቀመጥ፣ ጠላ ቤት ሲቀመጥ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። ይሄ ጥያቄ ምን እንደሚያደርገው እኔ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አይቼዋለሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው። ራሱ ማውራት ሲፈልግ ግን ስሙት፣ አታቋርጡት፣ "ተወው፣ እርሳው" አትበሉት። የሚረሳ ቢሆን እስካሁን ይረሳው ነበር።

አካሉ ስለጎደለው ልናገርና ልለፍ። እግሩ የተቆረጠ ሰው "የሌለኝ እግር ያመኛል" ቢላችሁ አላበደም። ነርቩ ነው፤ እውነተኛ ሕመም ነው። ሌላው፣ የተቆረጠው እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከሳ ይሄዳል። መጀመሪያ የተለካለት ሰው ሠራሽ እግር ይሰፋዋል፣ ይፍቀዋል፣ ያቆስለዋል። ያኔ አውልቆ ጥግ ላይ ያቆመውና ወደ ክራንቹ ይመለሳል። ዘመድ ደግሞ "መንግሥት እግር ሰጥቶት ሰንፎ ተቀመጠ" ይላል። አልሰነፈም። ተመልሶ ወደ አካል ድጋፍ ማዕከል ሄዶ ማስተካከል አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የመኪና ገንዘብ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው፣ ደሴ የሚያድርበት ቤት ይፈልጋል። ከመርሳ፣ ከውጫሌ የሚመጣ ሰው የሚቸገረው እግር ስላጣ አይደለም፣ ማደሪያ ስላጣ ነው።

ሥራም እንደዚያው ነው። ተመላሽ ሥራ ሲጠይቅ ሁላችንም የምናስበው አንድ ሥራ ነው። ምን? በሉ እንጂ። አዎ፣ ዘበኝነት! መሣሪያ እንዳያይ የሚሸሽ ሰው መሣሪያ ይዞ ሌሊት በር ላይ እንዲቆም እንቀጥረዋለን። ያውም ሌሊት! እሱ ግን መካኒክ ነበር ይሆናል፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ከባድ መኪና ሹፌር፣ ድሬሰር። ማን ጠየቀው? ድሬሰር የነበረ አንድ የቀድሞ ሠራዊት አባል አውቃለሁ። እጁ ከኔ ይሻል ነበር፤ ይሄን የምለው ትሕትና ለማሳየት አይደለም፣ አብሬው ቁስል ጠርጌያለሁ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነበር።

ስለ ሴቶቹ ዝም ብል ትፈርዱብኛላችሁ። ታጋይ የነበሩ፣ ወታደር የነበሩ ሴቶች አሉ። ወንዱ ሲመለስ ጀግና የሚለው ባይጠፋም፣ ለሷ ግን "ወንድ ለወንድ ስትውል ኖራ ማን ያገባታል?" ነው። አንዷ ሻይ ቤት ከፍታ ልጆቿን ለብቻዋ አሳደገች። ለደንበኞቿ የዘመተችበትን አንድም ቀን አልተናገረችም። ለምን ብዬ ብጠይቃት "ሻዬን አይጠጡማ" አለችኝ። እንዲያውም የሚስቶቹን ጉዳይ ብንጨምር ሌላ ስብሰባ ይፈልጋል። ባሏ ሌሊት ጉሮሮዋን አንቆ ሲነቃ የሚያለቅስ፣ እሷም ለማንም የማትናገር ሴት እዚህ የለችም ወይ? ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖራለች። እህቴ፣ ነገሩ ነውር አይደለም። አብራችሁ ኑ፣ አንቺም ትታከሚያለሽ።

አባቶቼ ቅር እንዳትሰኙ፤ ጠበሉን ተዉ፣ ዱዓውን ተዉ አላልኩም። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ዱዓውም ይደረግለት፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ። መድኃኒቱን ግን ጠበል ገባሁ ብሎ አያቋርጥ። ይሄን ከመድረክ ብትነግሩልኝ ከኔ ይልቅ እናንተን ይሰማል።

ደግሞም ከናንተ ዘንድ ያለው ነገር እኛ ዘንድ የለም። ሞዛምቢክ ውስጥ የእርስ በርሱ ጦርነት በ1985 ዓ.ም. በስምምነት ሲቆም፣ በብዙ ገጠር ተዋጊው ከመንደር ከመግባቱ በፊት በሽማግሌዎች እጅ ያልፍ ነበር። የጫካ ልብሱን ያቃጥላሉ፣ በቅጠል ውሃ ያጥቡታል፣ ለሙታን ይጸልያሉ፤ ከዚያ በኋላ መንደሩ እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ይሄን ሳነብ አበጋሮቻችን ናቸው የታወሱኝ። ሰው ሰው ሲገድል አበጋሮቹ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ ካሣ አስከፍለው ደም ያደርቃሉ። ገዳዩም ወደ ገበያ ይወጣል፣ የሟች ወገንም ጠመንጃውን ይሰቅላል። ለመንደር ደም ይሄ ሁሉ ሥርዓት አለን። በጦርነት ለፈሰሰውስ ማን ያደርቃል? ወታደሩ ያን ሁሉ ብቻውን ይዞት ይኖራል። ንስሐ አባቱ ጠርቶ ያነጋገረው ስንት ነው? ለዱዓ በምንሰባሰብበት ወዳጃ ላይ "ይሄ ልጅ ከጦርነት ገብቷል፣ ያሳርፈው" ተብሎ እጅ የተነሣለት ስንት ነው? ለዝናብ እናነሣለን፣ ለከብት እናነሣለን።

ሦስተኛው፣ የመጣሁበት።

ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ማኅበረሰቡ እመልሳለሁ ብሎ አቅዷል። ይሁን፣ ይሥራ። ግን ኮሚሽን ገንዘብ ይሰጣል፣ ሥልጠና ይሰጣል እንጂ ጎረቤት አይሰጥም። ጎረቤት እኛ ነን። የጦር መዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ፣ ጡረታም ቦርድም የማያውቀው፣ የራሱን ጠመንጃ ይዞ ወጥቶ የተመለሰ ገበሬስ? እሱን የሚያውቀው ሰፈሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የቅሬ መዝገባችሁን አውጡ። በጦርነቱ ጊዜ ወርሃዊ ያልከፈለ፣ ውዝፍ የበዛበት፣ መቀጫ የተቆለለበት፣ በመጨረሻም "በገዛ ፈቃዱ ወጥቷል" ተብሎ የተሰረዘ ሰው አለ። በገዛ ፈቃዱ! ምሽግ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይክፈል? ሲመለስ ደግሞ "እንደ አዲስ መግቢያ ክፈል፣ ዋስ አምጣ" ይባላል። ውዝፉ ይሰረዝለት። መቀጫው ይነሣለት። መግቢያ አይጠየቅ። እንደዚያች ሻይ ቤት ያላት ሴት በራሷ ስም መግባት የምትፈልግም በራሷ ስም ትመዝገብ፤ "ባልሽን አምጪ" አትባል።

"የማን ወታደር የነበረ?" የሚል ጥያቄ ከዚህ አዳራሽ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የማንም። በዚያ ወገን የነበረ የሰፈራችን ልጅ ቢኖርም እሱም ጭምር። ይሄ የማይዋጥለት ሰው ይኖራል፣ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ልጁ የሞተበት አለ። አልፈርድበትም። የበደለ በፍርድ ቤት ይጠየቅ፤ ቅሬ ግን ፍርድ ቤት አይደለም፣ ሆኖም አያውቅ።

"ካዝናው ይጎዳል" የሚልም አይጠፋም። ገንዘብ ያዡን ቀድሜ ጠይቄያለሁ፤ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ስላስቸገርኩት ይቅርታ ይደረግልኝ። ውዝፉ ሁሉ ቢደመር ባለፈው ለአዲስ ድንኳን ካወጣነው አይበልጥም አለኝ። ድንኳን ገዝተናል እኮ፣ ማንም አላጉረመረመም።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። በሰፈራችን ሠርግ ሲኖር ተኩስ ይቅር፤ እልልታችን ይበቃል። ቤት የምታከራዩ ደግሞ፣ ተከራያችሁ ሌሊት ቢጮህ ከማስወጣታችሁ በፊት ለኔ ደውሉልኝ። ስልኬን የማታውቁ የለም፤ በመርፌዬ ያላለቀሰ ልጅ እዚህ ሰፈር አላደገም።

አሁን ዳኞች፣ መዝገቡ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አየሁት። ከ2013 ወዲህ የተሰረዙት ስሞች አንድ በአንድ ይነበቡ። ስም ሲጠራ ዘምቶ እንደነበር የሚያውቅ ጎረቤት እጁን ያውጣ፤ የሚቃወምም በዚያው ስም ላይ ይናገር፣ ለኔ ለብቻዬ በር ላይ እንዳይነግረኝ። ከእናቶች ወገን እንጀምር። ማይኩን ተቀበሉኝ።